ጎራዴና ሚዛን በአንድ እጅ፦ ባሕር ተሻጋሪ ነጋዴ የሳሙራይ ቤት ለምናባዊ ዓለም የመገንቢያ ዝርዝር መመሪያ

ሳሙራይ ነጋዴዎችን የያዙ ብዙ የልብ ወለድ ረቂቆች አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያምራል። ባለጎራዴው ከመርከቡ ፊት ቆሟል፣ ነፋስ ልብሱን ያውለበልበዋል፣ የመርከቡ ሆድ ሐር ሞልቶታል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ደራሲው ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጣቸው ሥራ ያልቅበታል። ንግዱና ጎራዴው ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተገናኙም። ነጋዴነታቸውን ሰርዘው ቢያነቡት ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም፤ ሳሙራይነታቸውን ቢሰርዙትም እንዲሁ ነው።

መመሪያው ለልብ ወለድ ጸሐፊም፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ ለሚመራ ሰውም ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ስም፣ አርማና የጎራዴ ዓይነት መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው፤ ከእነርሱ የጀመረ ሰው እያንዳንዱን ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመጠገን ይገደዳል።

## ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ፦ ለካርታ የሚሆን ሁለት ትልልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ባለመስመር የሒሳብ ደብተር፣ እና ሦስት ወይም አራት ምሽት። ደብተሩን አይናቁት። ከካርታው ይልቅ ታሪክ የሚወልደው እርሱ ነው።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይምረጡ። ምናባዊ ዓለም ስለሆነ ከየትም ለመልቀም ይፈተናሉ፤ አያድርጉት። በጃፓን ታሪክ በባሕር የኖሩ የጦረኛ ቤቶች ነበሩ፤ ኑሯቸው ግን የተለያየ ነው። ለዚህ ሥራ ሦስቱ ይበቃሉ፦

- የፁሺማ ደሴት የሶ ቤት። በጃፓንና በኮርያ መካከል ተቀምጦ ለሁለቱም ደላላና መልእክተኛ የነበረ።
- የኖሺማ የሙራካሚ ቤት። በሴቶ የውስጥ ባሕር ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ተቀምጦ ከሚያልፍ መርከብ ሁሉ ክፍያ የሚቀበል።
- የሂራዶ የማፁራ ቤት። የውጭ ነጋዴዎችን ወደ ወደቡ ስቦ በእነርሱ የበለጸገ። ፖርቱጋሎች ከ1550 ጀምሮ፣ ሆላንዶች በ1609፣ እንግሊዞች በ1613 መጥተውለታል።

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱን አጥንት ያድርጉት፤ ከሌሎቹ አንድ አንድ ነገር ብቻ ይዋሱ። እኔ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካዛሺዮ የሚባል ቤት ፈጥሬ እስከ መጨረሻው እጠቀምበታለሁ። አጥንቱ ፁሺማ ነው፤ ከሙራካሚ የተዋሰው ደግሞ ጠባቡን መተላለፊያ ነው።

ሦስት ቃላት አስቀድመው ይወስኑ። በአማርኛ ስለሚጽፉ እነዚህ ያደናቅፉዎታል።

*ጎሳ ወይስ ቤት?* «ቤት» ይበሉ። ጃፓኖች ራሳቸው ይህንን ማኅበር የሚጠሩት ቤት በሚል ትርጉም ባለው ቃል ነው። «ጎሳ» ሲባል አንባቢ ሰፊ የዘር ግንድ ያስባል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ስም፣ ንብረት፣ ዕዳና አገልጋይ ያለው አንድ ተቋም ነው።

*ብር።* ማዕድኑም ገንዘባችንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። «መቶ ብር ከፈለ» ብለው ከጻፉ አንባቢው ኪሱ ውስጥ ያለውን የወረቀት ኖት ያያል። «ጥሬ ብር» ወይም «የብር ጡብ» ብለው በሚዛን ያስለኩት። ይህ ከታሪኩም ጋር ይስማማል፤ በዚያ ዘመን በምሥራቅ እስያ ንግድ ጥሬ ብር በክብደት ነበር የሚከፈለው።

*ክረምት።* ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ነው፤ የጃፓን መርከቦች ወደ ደቡብ የሚወጡት ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ብርድ ነው። «በክረምት ሸራ ዘረጉ» ካሉ አንባቢዎ የሐምሌን ጭቃ ያስባል። «በብርዱ ወራት» ይበሉ፤ ወይም የወሩን ስም ይጥሩ።

## ደረጃ 1፦ መሬቱን ያስርቡት

ጦረኛ ወደ ንግድ የሚገባው መሬቱ ስለማያበላው ነው። ፁሺማ ተራራማ ናት፤ ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳዋ ትንሽ ነው። የሶ ቤት ለዘመናት ወደ ኮርያ ያማተረው እህል ፍለጋ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ረሀቡን በቁጥር ይጻፉ።

1. የሕዝቡን ብዛት ይወስኑ። ካዛሺዮ፦ 3,000 ሰው።
2. የመሬቱን ምርት ይወስኑ። መለኪያው ኮኩ ነው፤ ወደ 180 ሊትር፣ በክብደት 150 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆን ሩዝ ሲሆን ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ካዛሺዮ፦ 1,200 ኮኩ።
3. ይቀንሱ። ጉድለቱ 1,800 ኮኩ ነው።
4. የአንድ መርከብ ጭነት ይወስኑ። ካዛሺዮ፦ 400 ኮኩ።
5. ያካፍሉ። አራት ተኩል፤ ማለትም በዓመት አምስት መርከብ እህል መግባት አለበት።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ቁጥሩን ይዩት። አንድ መርከብ ሰጠመ ማለት የ400 ሰው የዓመት ቀለብ ሰጠመ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚጽፉት ማዕበል ሁሉ ክብደት ይኖረዋል፤ የመርከቡ አለቃ ለምን እንደሚጨክን፣ እናቱ ለምን ባሕሩ ዳር እንደምታድር ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

ሲበላሽ፦ ሳያውቁት ለም ሜዳ፣ የወርቅ ማዕድን ወይም ተአምረኛ ዛፍ በደሴቱ ላይ ካስቀመጡ ሰዎቹ ባሕር የመውጣት ምክንያት ያጣሉ። ማዕድኑን መሰረዝ ካልፈለጉ ባለቤትነቱን ለሌላ ጌታ ይስጡት፤ እነርሱ ተሸካሚ ብቻ ይሁኑ። አስማት ያለበት ዓለም ከሆነ ደግሞ አንድ ሕግ ዛሬውኑ ይጻፉ፦ አስማት እህል አይፈጥርም።

## ደረጃ 2፦ ባሕሩን በሰዓት ይሳሉ

ብዙዎቻችን ሰፊ ውኃ የምናውቀው ከጣና ወይም ከሐይቆቻችን ነው። በረቂቆች ውስጥ ባሕሩ ሐይቅ የሚሆነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ዝም ብሎ ይተኛል፣ አልፎ አልፎ ሞገድ ይነሣበታል። እውነተኛ ባሕር ግን ይሞላል፣ ይጎድላል። በአብዛኛው ቦታ ከሙላት ወደ ጉድለት ለመድረስ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ደግሞ ውኃው በዚሁ ልክ አቅጣጫውን ይቀያይራል። ኖሺማ በእግር ፈጥነው የሚጨርሷት ደሴት ናት፤ ዙሪያዋን ግን እንደ ወንዝ የሚጋልብ ውኃ ከብቧታል። ግንቧን የጠበቃት ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ውኃ ነበር።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. በካርታው ላይ ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይሳሉ። ሌላ አማራጭ መንገድ ይኑር፤ ግን ሁለት ሳምንት የሚያስረዝም ይሁን።
2. ውኃው የሚዞርባቸውን አራት ሰዓታት ከካርታው ጎን ይጻፉ። ካዛሺዮ፦ ሌሊት ስምንት፣ ጠዋት ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ምሽት ሁለት። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ይህንንም ያስታውሱ።
3. በውኃው ውስጥ የተሸሸጉ ሦስት ቋጥኞች ያስቀምጡ። ቦታቸውን የቤቱ ሰዎች ብቻ ያውቃሉ።

አሁን ጎራዴው ከንግዱ ጋር የሚገናኝበት የመጀመሪያው ቋጠሮ ተገኘ። ማለፍ የሚፈልግ ነጋዴ መሪ ይፈልጋል፤ መሪው የቤቱ ሰው ነው፤ የቤቱ ሰው ክፍያ ይጠይቃል፤ ያልከፈለ ደግሞ ሊዘረፍ ይችላል። የሙራካሚ ሰዎች የከፈለ መርከብ የሚሰቅለውን ባንዲራ ይሰጡ ነበር፤ ባንዲራውን ያየ ሁሉ መንገድ ይለቃል። በጃፓንኛ የባሕር ወንበዴ የሚለው ቃል ሁለቱንም፣ ዘራፊውንም ጠባቂውንም፣ ይጠራ ነበር። እርስዎም ልዩነቱን አያጥሩት። ከፋዩ ነጋዴ «ጠባቂዬ» ሲለው ጎረቤቱ «ቀማኛ» የሚለው ሰው ይሁን።

ጥንቃቄ፦ ውኃው የሚዞርበትን ሰዓት አንድ ጊዜ ከጻፉ በኋላ ለታሪኩ ምቾት ብለው አይቀይሩት። ጀግናው ዘግይቶ ከደረሰ ስድስት ሰዓት ይጠብቅ።

## ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ይጻፉ

ከሁሉም ደረጃዎች ረጅሙ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚዘለለውም ይኸው ነው። ጊዜ ይስጡት።

ባሕር ተሻጋሪ ንግድ በዚያ ዓለም የሚቆመው በፈቃድ ነው። የሚንግ ቻይና ከ1404 ጀምሮ ከጃፓን የሚመጣን መርከብ የምትቀበለው በግማሽ የተቆረጠ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያሳይ ነበር፤ ግማሹ ከመዝገቡ ጋር ሲገጥም ይገባል፣ ካልገጠመ ይመለሳል። በ1523 የጃፓን የኦኡቺና የሆሶካዋ ቤቶች ሁለት የተለያዩ ልዑካን በቻይናው የኒንግቦ ወደብ ላይ ተገናኙ። የማን ወረቀት ነው የሚሠራው በሚል የተነሣው ጠብ ወደ ደም መፋሰስና ከተማ ማቃጠል ደረሰ። ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥትም ከ1604 እስከ 1635 ቀይ ማኅተም ያለበት የጉዞ ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ በእነዚህ ዓመታት ከ350 በላይ ፈቃዶች ወጥተዋል። ሳሙራይ ለወረቀት ይሞታል ሲባል ማጋነን አይደለም።

ለቤትዎ ሁለት ወረቀት ያዘጋጁ፦ ከጌታ የሚቀበለው አንድ፣ ለሌሎች የሚሰጠው አንድ። ሁለተኛው በደረጃ 2 ያየነው ባንዲራ ነው። የመጀመሪያውን እንዲህ ይገንቡት፦

1. ሰጪው ማነው? ካዛሺዮ ሁለት ጌታ አለው። በሰሜን ያለው የጦር አለቃ ስሙን ያጸድቅለታል፤ በደቡብ ያለችው የእህል መንግሥት ወደቧን ትከፍትለታለች። ሁለቱ ጌቶች አይተያዩም። የሚነጋገሩት በካዛሺዮ በኩል ብቻ ነው።
2. ስንት መርከብ ይፈቅዳል? ቁጥሩን ከደረጃ 1 ይውሰዱ። የደቡቧ መንግሥት በዓመት አምስት መርከብ ፈቅዳለች። ልክ የሚበቃ፤ ትርፍ የሌለው።
3. ምን ይመስላል? የወረቀቱን ቀለም፣ የማኅተሙን ቅርጽ፣ የት እንደሚቀመጥ ይጻፉ። በመርከብ ላይ ምን እንደሚጠቀለልበትም ይወስኑ፤ ወረቀት ውኃ ይፈራል።
4. ማን መኮረጅ ይችላል? አንድ ሰው ይምረጡ፤ ቢቻል ጸሐፊ መነኩሴ ወይም ማኅተም ቀራጭ።
5. ቁጥሩን ይቀንሱ። አሁን ፈቃዱን ከአምስት ወደ ሦስት ያውርዱት።

አምስተኛው ነጥብ የፁሺማ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1443 ስምምነት የሶ ቤት በዓመት 50 መርከብ ወደ ኮርያ እንዲልክ ተፈቅዶለት ነበር። በ1510 በኮርያ ወደቦች የሰፈሩ ጃፓናውያን ካመፁ በኋላ፣ በ1512 በተደረገው አዲስ ስምምነት ቁጥሩ ወደ 25 ወረደ። የጃፓኑ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በኮርያ ላይ ካካሄደው፣ ከ1592 እስከ 1598 ከቆየው ወረራ በኋላ ደግሞ ግንኙነቱ ጨርሶ ተቋረጠ። የሶ ቤት ያደረገው ምን ነበር? በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሚመላለሱትን ደብዳቤዎች አስመስሎ ጻፈ፣ ቃላቸውን ለወጠ፣ ማኅተም ሠራ። ሰላሙ ተመለሰ፤ በ1609 ንግዱ በ20 መርከብ እንደገና ተፈቀደ። ምስጢሩ የወጣው ከራሱ የቤቱ ታላቅ አገልጋይ ከያናጋዋ ጋር በተነሣ ጠብ ነው። በ1635 ሾገኑ (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) ቶኩጋዋ ኢኤሚፁ ነገሩን ራሱ ተቀምጦ ዳኘ፤ ያናጋዋ ተጋዘ፣ የሶ ቤት ግን ግዛቱን አላጣም። ከኮርያ ጋር መነጋገር የሚችል ሌላ ቤት አልነበረም።

በካዛሺዮ ሒሳብ ሦስት መርከብ ማለት 1,200 ኮኩ ነው፤ 600 ሰው የሚበላው የለውም። እንግዲህ የቤቱ ጌታ ሐሰተኛ ወረቀት ያስጽፋል ወይስ 600 ሰው ይቀብራል? ይህ ጥያቄ ከማናቸውም የጎራዴ ፍልሚያ ይበልጣል፤ የመጣውም ከአንድ ቅነሳ ነው። ሐቀኝነት የክብሩ መሠረት የሆነ ሰው ሐሰት የሚጽፍበትን ሌሊት ይጻፉ፤ ያን ጊዜ መጽሐፍዎ ተነሣ ማለት ነው።

ሲበላሽ፦ ጌታው ክፉ ስለሆነ ብቻ ፈቃዱን የሚቀንስ ከሆነ ነገሩ ይቀልላል። የቤቱ ሰዎች ራሳቸው ያጠፉት ጥፋት ይኑር። በካዛሺዮ፣ በደቡቡ ወደብ የሰፈሩ የቤቱ ወጣቶች በቀረጥ ጉዳይ ተጣልተው ሰው ገድለዋል።

## ደረጃ 4፦ ዓመቱን በክብ ይሳሉ፣ ጭነቱን ይመዝግቡ

በሁለተኛው ወረቀት ላይ ክብ ይሳሉና በአሥራ ሁለት ወር ይክፈሉት። የቀይ ማኅተም መርከቦች በብርዱ ወራት በሰሜኑ ነፋስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ማለትም ወደ ሆይ አን፣ ወደ አዩታያና ወደ ማኒላ ይወርዱ ነበር፤ የሚመለሱት በደቡብ ምዕራቡ ነፋስ፣ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። ነሐሴና መስከረም የአውሎ ነፋስ ወራት ናቸው። ስለዚህ አንድ መርከብ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። ነፋሱ ያመለጠው ሰው ቢያለቅስም ቢጸልይም በባዕድ ወደብ ዓመት ይቀመጣል፤ በባዕድ አገር የጃፓናውያን ሰፈሮች እንዲበቅሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ይክፈቱ። *ወጪ*፦ ጥሬ ብር፣ መዳብ፣ ድኝ፣ ጎራዴ። *ገቢ*፦ እህል፣ ጥሬ ሐር፣ የአጋዘን ቆዳ፣ ስኳር። እነዚህ በዘመኑ በእውነት የተጫኑ ናቸው፤ በምናባዊ ዓለምዎ አንድ ወይም ሁለት የፈጠራ ሸቀጥ ጨምረው ሌላውን እንዳለ ይተዉት። ጎራዴ ሸቀጥ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ወደ ሚንግ ቻይና በብዛት ይሸጥ ነበር። «የሳሙራይ ነፍስ» የሚባለውን ዕቃ በጅምላ ቆጥሮ የሚሸጥ ቤት ስለ ነፍስ ምን እንደሚያስብ መጻፍ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከባለሀብት በብድር ያምጡት። በዘመኑ የነበረው የባሕር ብድር እንዲህ ይሠራል፦ መርከቡ በሰላም ከተመለሰ ተበዳሪው ዋናውን ከከባድ ወለድ ጋር ይከፍላል፤ ከሰጠመ አይከፍልም። አደጋውን የሚሸከመው አበዳሪው ነው። ስለዚህ «መርከቡ ሰጠመ» የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር አበዳሪው «በእውነት ሰጠመን?» ብሎ ሰው ይልካል። ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው።

## ደረጃ 5፦ መርከቦቹን በሦስት ይወስኑ

እዚህ አይቆዩ። የጃፓን የባሕር ጦረኞች ሦስት ዓይነት መርከብ ነበራቸው፦ እንደ ተንሳፋፊ ግንብ ያለው ግዙፉ አታኬቡኔ፣ መካከለኛው ሴኪቡኔ፣ ለስለላና ለመልእክት የሚሮጠው ትንሹ ኮባያ። ለታሪክዎ «ግንብ መርከብ»፣ «ጠባቂ መርከብ»፣ «ፈጣን ጀልባ» ብለው ይጥሯቸው፤ አንባቢው ያለ መዝገበ ቃላት ይገባዋል። በጠባብ ቦታ የሚዋጉት በመቅዘፊያ መሆኑን፣ የጭነት መርከቡ ግን በሸራ የሚሄድ መሆኑን አይርሱ።

ድል ሁሉ የመርከብ ብዛት ውጤት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በ1576 የሞሪና የሙራካሚ መርከቦች በኦሳካ ዳርቻ ላይ የጦር ጌታውን የኦዳ ኖቡናጋን ከበባ የሰበሩት በእጅ በሚወረወር የባሩድ ሸክላ እሳት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቡናጋ የባሕር አዛዥ ኩኪ ዮሺታካ ታላላቅ መርከቦች ሠርቶ መጥቶ አሸነፋቸው። አንዱ ያመጣውን ሌላው በሁለት ዓመት ይመልስለታል፤ የእርስዎም ቤት የጦር ብልጫ ከዚያ በላይ አይቆይ።

## ደረጃ 6፦ ቤቱን በሰው ይሙሉት

ሳሙራይ የሚለው ቃል የመጣው ማገልገልን ከሚያመለክት ግሥ ነው፤ በእኛ አነጋገር ሎሌ እንደማለት። ጦረኛው ጌታ አለው፤ ጌታው ጌታ አለው። የሚከተሉትን ሰዎች በስም ይሙሉ፦

- የቤቱ ራስ። አንዱን ወረቀት ከጌታ የሚቀበል፣ ሌላውን ለሌሎች የሚሰጥ።
- የመዝገቡ ጠባቂ። የጉድለቱን ቁጥር የሚያውቅ። ይህ ሰው ጎራዴ የታጠቀ ይሁን፤ ከነጋዴ ሰፈር የተቀጠረ ጸሐፊ ካደረጉት ቋጠሮው ይፈታል።
- የመተላለፊያው መሪ። ቋጥኞቹን የሚያውቅ፤ ምናልባት ከዓሣ አጥማጅ የተወለደ።
- በባዕድ ወደብ የተቀመጠ ወኪል። ለሦስት ዓመት ያልተመለሰ፣ ሁለተኛ ቤተሰብ የመሠረተ።
- ወራሹ። የጃፓን ቤቶች ብቁ ልጅ ሲያጡ የልጃቸውን ባል በማደጎ ወስደው የቤቱን ስም ይሰጡት ነበር። የአበዳሪውን ልጅ አማች አድርገው ያስገቡት፤ ዕዳውና ወራሹ በአንድ ሰው ይገናኛሉ።

ለመዝገቡ ጠባቂ ማዕረግ ሲፈልጉ «ነጋድራስ» ትዝ ይልዎታል። የነጋዴ አለቃም የመንግሥት ሹምም የሆነን ሰው በአንድ ቃል የሚጠራ ከዚህ የተሻለ የለንም። ነገር ግን ቃሉ የራሳችንን ቤተ መንግሥት አስከትሎ ይመጣል፤ እርሱን ከተቀበሉ ቀጥሎ ፊታውራሪ ይገባል፣ ከዚያ ደጃዝማች፣ ሳያውቁት ታሪኩ ሸዋ ይገኛል። እኔ «የመዝገብ አለቃ» ብዬ ትቼዋለሁ።

የቤቱን አምስት ሕጎች ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ገንዘብ የሚያስወጣ ይሁን። «ክብር ከሕይወት ይበልጣል» ሕግ አይደለም፤ ማንም ይለዋል። የካዛሺዮ ሁለተኛ ሕግ እንዲህ ይላል፦ *ባንዲራችንን የያዘ መርከብ ከተዘረፈ ጉዳቱን ቤቱ ይከፍላል።* ሦስተኛው፦ *በማዕበል መጀመሪያ ወደ ባሕር የሚጣለው የቤቱ ራስ ጭነት ነው።* ክብሩ በሒሳብ ደብተር ላይ ሲታይ አንባቢ ያምናል።

ስለ አነጋገር፦ የጃፓንኛ የአክብሮት ቅጥያዎችን በየስሙ ላይ አይለጥፉ። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና አንቱ አለው፤ ይህ ሀብት ነው። ወራሹ በማደጎ ከገባበት ቀን ጀምሮ አሮጌው መሪ «አንተ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ይበለው። ወራሹ የሚሰማው ብቸኝነት በዚያ አንድ ለውጥ ይገለጣል።

## ደረጃ 7፦ ቤቱ የሚሰነጠቅበትን ቀን ይወስኑ

ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ይምረጡ።

ሀ. ሰላም መጣ። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1588 በባሕር ላይ መዝረፍንም የማለፊያ ክፍያንም የሚከለክል አዋጅ አወጣ። የሙራካሚ ባንዲራ በአንድ ቀን ጨርቅ ሆነ። ለመላው አገር መልካም የሆነ ነገር ለቤቱ ሞት የሆነበት ስለሆነ እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

ለ. ወደቡ ተዘጋ። በ1635 ጃፓናውያን ወደ ውጭ እንዳይወጡ፣ የወጡትም እንዳይመለሱ ተከለከለ። በደረጃ 6 ያስቀመጡት ወኪል ምን ይሆናል?

ሐ. ወደ ተራራ ተዛወሩ። የኩኪ ዮሺታካ ዘሮች በውርስ ከተጣሉ በኋላ በ1633 ከባሕር ወደባቸው ከቶባ ተነሥተው ሳንዳና አያቤ ወደሚባሉ ባሕር የሌላቸው ግዛቶች ተላኩ። መልህቅ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሎሌ ይታይዎት።

መ. ሐሰተኛው ወረቀት ታወቀ። የፁሺማው መንገድ። ከሳሹ ከውስጥ ይምጣ።

ሲበላሽ፦ ሁለት ስንጥቅ በአንድ ላይ ካስገቡ አንባቢው ለየትኛው እንደሚያዝን አያውቅም። ሁለተኛውን ለሚቀጥለው መጽሐፍ ያስቀምጡት።

## ደረጃ 8፦ ስምና አርማ

አሁን ይፈቀዳል። ስሙ ከካርታው ይውጣ። ካዛሺዮን የሠራሁት ካዜ (ነፋስ) እና ሺዮ ከሚሉ ቃላት ነው፤ ሺዮ የሚለው ድምፅ በጃፓንኛ ለባሕር ሙላትም ለጨውም ያገለግላል። እውነተኛ የታሪክ ቤት ስም አይውሰዱ፤ የሚያውቅ አንባቢ ስሕተት ሲለቅም ይውላል። አርማው ከሩቅ፣ በጭጋግ፣ በሚወዛወዝ ጨርቅ ላይ መለየት አለበት፤ ስለዚህ አንድ ቅርጽ፣ ሁለት ቀለም። ዘንዶውን ይተዉት።

## ደረጃ 9፦ በአንድ ገጽ ይፈትኑት

ይህንን ትዕይንት ይጻፉ፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ውኃው ሊዞር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ባንዲራ የሌለው የጭነት መርከብ ወደ መተላለፊያው ገብቷል። የመርከቡ አለቃ መክፈል አይችልም፤ የጫነው እህል ነው። የመዝገብ አለቃው ከጠባቂው መርከብ ላይ ሆኖ ያየዋል። ደብተሩ በብብቱ፣ ጎራዴው በወገቡ ነው።

ጽፈው ሲጨርሱ ለአንድ ሰው ያንብቡለትና የሰጠውን መልስ ተከትለው ይመለሱ፦

- *«ለምን ዝም ብሎ አይለቀውም?»* ካለ ረሀቡ አልታየም። ወደ ደረጃ 1።
- *«ለምን ነገ አይመለስም?»* ካለ ውኃው አልገባውም። ወደ ደረጃ 2።
- *«ማን ሾመው?»* ካለ ወረቀቱ ጎድሏል። ወደ ደረጃ 3።
- *«ጎራዴውን ለምን ያዘ?»* ወይም *«ደብተሩን ለምን ያዘ?»* ካለ ደረጃ 6ን እንደገና ይሥሩ፤ ሁለቱን ለሁለት ሰው ከፍለው ሰጥተዋል።
- *«ከዚያስ?»* ካለ ገጹን አይንኩት። ሁለተኛውን ገጽ ውኃው ከዞረበት ደቂቃ ይጀምሩ።